ፋብሪካ የሌለው ሰው ቺፕ ይጽፋል?

በዚህ ከተማ ‹‹ሃርድዌር›› የምትባለው ቃል ብዙ ጣጣ አለባት። ‹‹ምን ትሠራለህ?›› ተብላችሁ ‹‹ሃርድዌር›› ካላችሁ የጠያቂያችሁ ዓይን ይበራል። ‹‹ጎሽ! እቤት አንድ ፕሪንተር አለችኝ፣ ወረቀት እየነከሰች አስቸግራኛለች…›› ይላችኋል። ትንሽ ዘመናዊ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ለምን እንደሚግል ይጠይቃችኋል። ‹‹አይ፣ እኔ እንኳ ሃርድዌር ነው የምጽፈው›› ስትሉት ነገሩ ይብስበታል። ሃርድዌር ይገጣጠማል፣ ይጠገናል፣ ሲያስመርር ይጣላል እንጂ እንዴት ነው የሚጻፈው? ‹‹ቺፕ›› ብላችሁ ልታስረዱት ስትሞክሩ ደግሞ እሱ የሚሰማው ‹‹ቺፕስ›› ነው፤ ድንቹ።

እናላችሁ የዛሬ ወጌ ይኼው ነው። ሃርድዌር ይጻፋል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንጎል ሲሊከን ከመሆኑ በፊት ጽሑፍ ነበር። ሰው ኪቦርድ ፊት ቁጭ ብሎ፣ መስመር በመስመር፣ እየሰረዘ እየደለዘ የጻፈው ጽሑፍ። የተጻፈበት ቋንቋ ሰዋስው አለው፣ ታሪክ አለው፣ ‹‹የኔ ይሻላል›› እያሉ የሚሟገቱለት ወገኖችም አሉት። የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ይሉታል። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የወደድኩት የለም። ላሳምናችሁ የምፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቺፕ ዓለም ውስጥ ፋብሪካ ለሌለው ሰው የሚከፈተው በር ጽሑፉ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትእዛዝ ወይስ መግለጫ?

ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ማዘዝ ለምዷል። ይህን አድርግ፣ ከዚያ ያንን አድርግ፣ ካልሆነ ተመለስና እንደገና ሞክር። ልክ እንደ ወጥ አሠራር ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬው አይገባም። የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ግን፣ ስሙ እንደሚለው፣ ይገልጻል። ‹‹ይህ ሽቦ ከዚያ ጋር ይገናኛል፣ መደመሪያው እዚህ ይቀመጣል፣ ውጤቱ እዚያ ይደርሳል›› ነው የሚለው። ከላይ የተጻፈውና ከታች የተጻፈው ተራ አይጠባበቁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ስለዚህ ነገሩ የሚመስለው የድግስ ቤትን ነው። አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ጎረምሶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ቡናው በሌላ ጥግ ይፈላል። ‹‹አንቺ ስትጨርሺ እኔ እጀምራለሁ›› የሚል የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሠራተኛ እርስ በርሱ እንዳይተራመስ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ምት። ወረብ ላይ ከበሮው ሲመታ ሁሉም እኩል እንደሚያሸበሽበው፣ ቺፕ ውስጥም ከበሮ አለ። ክሎክ ይባላል። ‹‹ስልኬ 2 ጊጋኸርዝ ነው›› ስትሉ ከበሮው በሰከንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል እያላችሁ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሁለት ስኒ አለ እንበል፤ በቀዩ ቡና፣ በነጩ ሻይ። አቀያይሩ ብትባሉ ሦስተኛ ባዶ ስኒ መፈለጋችሁ አይቀርም። በተለመደው የፕሮግራም አጻጻፍም እንደዚያው ነው፤ አንዱን ለጊዜው የምታቆዩበት ቦታ ያስፈልጋል። በሃርድዌር ቋንቋ ግን ሁለት መስመር ይበቃል። ‹‹ምቱ ሲመታ ቀዩ የነጩን ይያዝ። ምቱ ሲመታ ነጩ የቀዩን ይያዝ።›› ሁለቱም ከምቱ በፊት የነበረውን ያያሉ፣ ምቱ ላይ እኩል ይለወጣሉ፣ አለቀ! ሦስተኛ ስኒ የለም። (እቤት በእውነተኛ ቡና እንዳትሞክሩት።)

ሌላም አለ። ፕሮግራም ላይ ‹‹ስምንት ጊዜ ድገም›› ካላችሁ አንዱ ሠራተኛ ስምንት ጊዜ ይመላለሳል። በእነዚህ ቋንቋዎች ‹‹ስምንት ጊዜ ድገም›› ስትሉ ግን፣ ጽሑፉ ወደ ሃርድዌር ሲተረጎም፣ ስምንት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ምጣድ ላይ ስምንት እንጀራ ጋግሪ ማለት ሳይሆን ስምንት ምጣድ ጣዱ ማለት ነው። ስምንት ምጣድ ደግሞ ቦታም ማገዶም ይፈልጋል። እዚህ ዓለም ውስጥ እያንዳንዷ ቃል ቦታ ትይዛለች፣ ኤሌክትሪክ ትበላለች። እንደኔ ወሬ ማብዛት የሚወድ ሰው በዋጋ የሚቀጣበት ቋንቋ ነው።

ከምላጭ ወደ ፊደል

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢንቴል በ1971 ያወጣው 4004 የሚባለው ቺፕ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። በዚያ ዘመን የቺፕ ንድፍ በእጅ ይሳል፣ ሥዕሉም በቀይ ፕላስቲክ ላይ በምላጭ እየተቆረጠ ይዘጋጅ ነበር። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም 1 ግን 16 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለው። ይህን በምላጭ ልቁረጥ የሚል ካለ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ሥራ አግኝቷል ማለት ነው። መሀል ላይ ሥዕሉ ወደ ጽሑፍ ተለወጠ።

የለወጡት ሁለት ቋንቋዎች ናቸው። የአንደኛው የቪኤችዲኤል ልደት ያስገርመኛል። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከየኩባንያው የሚገዛቸው መሣሪያዎች ለአሥርት ዓመታት ያገለግላሉ። ውስጣቸው ያለውን ቺፕ የሠራው ኩባንያ ግን ያን ያህል ላይቆይ ይችላል። ይዘጋል፣ ይሸጣል፣ ወይም ‹‹ያንን ማምረት ትተናል›› ይላል። ያን ጊዜ በእጅ የሚቀረው ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሌለው ጥቁር ዕቃ ነው። ‹‹አያቴ መድኃኒቱን ሳይናገር ሞተ›› የሚል ሰው ያላጋጠመው ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ፔንታጎንም የፈራው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በ1980 በተጀመረ የፈጣን ቺፖች ፕሮግራም ስር፣ በ1983 ኢንተርሜትሪክስ፣ አይቢኤም እና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባሉት ኩባንያዎች ቋንቋውን እንዲሠሩ ውል ተሰጣቸው። ሰዋስውን አዳ ከምትባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወረሰ። በ1987 የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ማለትም አይትሪፕልኢ፣ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። ልብ በሉልኝ፤ ቋንቋው መጀመሪያ የተፈለገው ቺፕ ለማምረት አልነበረም። ሠሪው ቢሞት ሥራው እንዳይሞት ነው።

ሁለተኛው ቬሪሎግ በነዚያው ዓመታት፣ 1983 እና 84 አካባቢ፣ ጌትዌይ በሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ በፊል ሙርቢና በፕራቡ ጎይል እጅ ተወለደ። ስሙ የተገጣጠመው ‹‹ማረጋገጥ›› እና ‹‹ሎጂክ›› ከሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ሥራውም እንደ ስሙ ነበር፤ ቺፑ ከመሠራቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር መሞከር።

አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለሙከራ። ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲኖፕሲስን የመሰሉ ኩባንያዎች ጽሑፉን አንብቦ ራሱ ወደ ሎጂክ በሮች የሚተረጉም ሶፍትዌር ይዘው መጡ። ነገር ተገለበጠ! የቤቱ መግለጫ ቤቱን ይሠራ ጀመር።

አንድ ነገር ልጨምርና ታሪኩን ልተው። ቬሪሎግ መጀመሪያ የአንድ ኩባንያ የግል ንብረት ነበር። በ1989 ኬደንስ የሚባል ኩባንያ ጌትዌይን ሲገዛ ቋንቋውም አብሮ ተገዛ። ቪኤችዲኤል ግን የማንም ስላልነበረ ማንም ይጠቀምበት ነበር። ኬደንስ ቋንቋውን ደብቆ ብቻውን ከሚቀር ለሁሉም ቢከፍተው እንደሚሻለው ገባውና በ1990 ከፈተው። በ1995 እሱም የአይትሪፕልኢ ደረጃ ሆነ። ቋንቋ ቆልፈው ሲያስቀምጡት ተናጋሪ ያጣል። ተናጋሪ ያጣ ቋንቋ ደግሞ የት እንደሚገባ እኛ ለመካሪ አናንስም።

‹‹እንጃ›› እና ‹‹የለሁበትም››

የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ቪኤችዲኤል እንደ የኔታ ነው። ሁሉን በስሙ ጥራ፣ ዓይነቱን ተናገር፣ የጀመርከውን በወጉ ዝጋ ይላል። አንዲት ነገር ካጎደላችሁ አለንጋው ከራሳችሁ አይወርድም። ቬሪሎግ ደግሞ እንደ ታክሲ ረዳት ነው፤ ‹‹ግቡ ግቡ፣ ቦታ አለ!›› የሽቦ ስም አሳስታችሁ ብትጽፉ እንኳ ብዙ ጊዜ አይቆጣም። ‹‹አዲስ ሽቦ መሆኑ ነው›› ብሎ ዝም ብሎ ያስገባችኋል። ሜክሲኮ ትሄዳላችሁ ብላችሁ ሳሪስ ስትደርሱ ነው የሚገባችሁ።

ሁለቱም ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አላቸው። ኮምፒውተር 0 እና 1 ብቻ ያውቃል ሲባል ሰምታችኋል። ቬሪሎግ ሁለት ይጨምራል፤ ኤክስ እና ዜድ። ኤክስ ‹‹እንጃ›› ማለት ነው፤ ዋጋው አልታወቀም። ዜድ ደግሞ ‹‹የለሁበትም››፤ ከሽቦው እጄን አውጥቻለሁ፣ የፈለገ ሌላ ሰው ይናገርበት። ከቪኤችዲኤል ጋር የሚሠራበት ዝርዝር ደግሞ ዘጠኝ ዋጋዎች አሉት። በውስጡ ‹‹እንጃ›› እና ‹‹ገና ከመነሻው ማንም አልነገረኝም›› ተለያይተው ተቀምጠዋል። ‹‹አዎ›› ወይ ‹‹አይ›› በል ተብሎ በሚታፈጥበት ዘመን ለ‹‹እንጃ›› የራሷን ፊደል የሰጠ ቋንቋ ክብር ይገባዋል።

ቀልድ አይደለም፣ ሥራ አለው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ የቺፑ ማስታወሻዎች 0 ይያዙ 1 ይያዙ አይታወቅም። እውነተኛው ሲሊከን እንደምንም አንዱን ይዞ ይነሣል፣ የያዘውም እውነት ይመስላል። ሲሙሌተሩ ግን አይዋሽም፤ ‹‹እንጃ›› ይላል። ‹‹እንጃ›› ላይ አንድ ብትደምሩበት መልሱ እንጃ ነው። እንጃው እየተዛመተ ከሽቦ ወደ ሽቦ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ላይ በቀይ ይሞላል። ያን ጊዜ ጸሐፊው ይገባዋል፤ ‹‹ስትነሣ ከዜሮ ጀምር›› የሚል መስመር ጎድሏል። የማያውቀውን ‹‹አላውቅም›› የሚል መሣሪያ ስንቱን ጉድ አስቀድሞ ያድናል መሰላችሁ!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ሶፍትዌር ቢበላሽ ‹‹አፕዴት አድርጉ›› ይባላል። ሲሊከን ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ የሒሳብ መምህር፣ የኢንቴል ፔንቲየም አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ምክንያቱ ማካፈያው የሚያነበው ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት የነበረባቸው ጥቂት ቁጥሮች አለመግባታቸው ነበር። ጥቂት ቁጥሮች! ኢንቴል ቺፖቹን ለመቀየር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

ለዚህ ነው በዚህ ሙያ ውስጥ ከመጻፉ ይልቅ መፈተሹ ብዙ ጊዜ የሚወስደው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንደ ጠላት ጠበቃ ተቀምጦ ‹‹እንዲህ ቢሆንስ? እንዲያ ቢሆንስ?›› ይላል። ይህ ሁሉ ሙግት የሚካሄደው ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ፣ በጽሑፍ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በሩን ማን ከፈተው?

የቺፕ ፋብሪካ መሥራት እንደኛ ላለ አገር ቀልድ ነው። ዛሬ አንድ ዘመናዊ ፋብሪካ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ግን ስማቸውን የምንሰማቸው ሁሉ ፋብሪካ አላቸው ወይ? ኤንቪዲያ ቺፕ ይነድፋል፣ የሚያመርትለት በዋናነት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። በስልኮቻችን ውስጥ ያለው የ‹‹አርም›› ንድፍ ባለቤት ደግሞ በ1990 እንግሊዝ አገር በ12 መሐንዲሶች ሲመሠረት ሊሸጥ ያሰበው ንድፍ ነበር። ትልቅ የሆነውም ንድፉን ለሌሎች እያከራየ ነው። ጽሑፍ ሸጦ!

ለድሃው ተማሪስ? የመጀመሪያው በር በ1985 ተከፈተ። ዛይሊንክስ የሚባል ኩባንያ ከተመረተ በኋላ እንደፈለጉ የሚደራጅ ቺፕ አወጣ፤ ኤፍፒጂኤ ይባላል። በውስጡ ብዙ ትንንሽ የሎጂክ ክፍሎች ይደረደራሉ፣ የጻፋችሁት ጽሑፍ ክፍሎቹን እንዴት እንደሚያገናኛቸው ይወስናል። የመጀመሪያው 64 ክፍሎች ነበሩት። ዛሬ ጠዋት ካልኩሌተር፣ ከሰዓት የሙዚቃ መሣሪያ፣ ማታ የራሳችሁን ትንሽ ኮምፒውተር ልታደርጉት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ከአፍ የወጣው ይመለሳል።

ችግሩ ትርጉሙን የሚሠራው ሶፍትዌር በየኩባንያው መቆለፉ ነበር። የሚቆልፉ እንዳሉ ሁሉ ግን የሚከፍቱም አሉ። ክሌር ዎልፍ የምትባል ሰው ዮሲስ የተባለ ነፃ ተርጓሚ ሠራች። በ2015 ደግሞ እሷና ጓደኞቿ የአንድ ኤፍፒጂኤ ምስጢር ከውጭ ሆነው ፈትተው፣ ከቬሪሎግ ጽሑፍ እስከሚሠራ ቺፕ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ በነፃ ሶፍትዌር አስኬዱት። በ2020 ጉግልና ስካይዎተር የሚባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች፣ የፋብሪካውን የ130 ናኖሜትር የንድፍ ሕግጋት ለማንም ክፍት አደረጉ። በ2022 ማት ቬን የጀመረው ታይኒ ቴፕአውት ደግሞ ነገሩን ወደ ዕቁብ ለወጠው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎችና ወዶ ገቦች ትንንሽ ንድፋቸውን ይልካሉ፣ ሁሉም አንድ ቺፕ ላይ ይታጨቃል፣ ወጪው ይከፋፈላል። ሚሊዮን የሚጠይቀው ነገር በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር አለቀ ማለት ነው። መንገዱ ሁልጊዜ አልጋ በአልጋ አይደለም። በ2025 ንድፎቹን ወደ ፋብሪካ ያደርስ የነበረው ኢፋብለስ የሚባል ኩባንያ ተዘጋ። የዕቁቡ ሰዎች ግን ወደ ሌሎች አምራቾች ዞረው ሥራቸውን ቀጠሉ። ንድፎቹ ጽሑፍ ነበሩና ኩባንያው ሲሞት አልሞቱም። ቪኤችዲኤል የተወለደበትን ምክንያት አስታወሳችሁ?

ለእኛስ?

‹‹አቦ ተወና! ስንዴ ሳይኖር ስለ ቺፕ…›› የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገሪቱን ቺፕ ያበለጽጋታል እያልኩም አይደለም። የምለው ሌላ ነው። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኤሌክትሪካል መሐንዲሶች ያስመርቃሉ። እኔ የተማርኩበት ቦታ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ይህን ቋንቋ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የተፈተንነውም በወረቀት። የኤፍፒጂኤ ቦርዶቹ ነበሩ። የንብረት ቁጥር ተለጥፎባቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ነበሩ፤ ‹‹ቢበላሹስ?›› ተብሎ። በጎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ያለውን፣ እንዲሞከር ተብሎ የተሠራውን ዕቃ እንዳይበላሽ ብሎ መቆለፍ ማለት፣ ዋና በደብዳቤ ማስተማር ነው። የክፍል ጓደኞቼ ዛሬ ባንክ አሉ፣ ቴሌኮም አሉ፣ ሶፍትዌር ቤት አሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እንጀራቸውም እንጀራ ነው። ከመሀላቸው ግን አንዳንዱ በወረቀት ላይ የጻፋት ቆጣሪ አንድም ቀን ስትቆጥር ሳያያት ቀረ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ድሮ ‹‹ላይሰንሱ ውድ ነው፣ ቦርዱ ተቆልፏል›› እውነተኛ ምክንያት ነበር። አሁን ግን የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከእጃችን ባይኖርም፣ ዋናው ሥራ፣ ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ መጻፍና መፈተሽ፣ ያለ ቦርድ ይሠራል። ኢካሩስ ቬሪሎግ የሚባለው ሲሙሌተር ነፃ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ኢንተርኔት የምትፈልጉት ለማውረድ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ቬሪሌተር ነፃ ነው። የምልክቶቹን መውጣት መውረድ እንደ ልብ ትርታ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ጂቲኬዌቭም ነፃ ነው። የበረከሊ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የጀመረው ሪስክ-ፋይቭ የሚባለው የፕሮሰሰር ሰዋስው ለማንም ክፍት ነው። ሌሎች በእሱ የጻፏቸውን ሙሉ ፕሮሰሰሮች ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ማንበብ! አንድ ፕሮሰሰር እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ።

ከየት ልጀምር ላለ፣ የሁሉም ጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ የትራፊክ መብራት ነው። ለሠፈራችሁ መስቀለኛ መንገድ አንድ ጻፉ። ቀይ ስንት ምት ይቆይ፣ አረንጓዴ ለማን ይቅደም፣ እግረኛ ቁልፍ ሲጫን ምን ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከየትኛው ቀለም እንደሚነሣ መጻፉን ብቻ አትርሱ። ያለዚያ አራቱም ማዕዘን ‹‹እንጃ›› ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ ያለ ቺፕም በደንብ እንችልበታለን።

ቸር ይግጠመን!